ከሙሴ ሬኔ ጋር በወይን አገር አቀበት

ከፈረንሳይ ከተመለስኩ ወዲህ ፍኖተ ሰላም ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ፓሪስን አየሃት?» አላየኋትም። በአውሮፕላን ማረፊያዋ ከማለፌ በቀር ፓሪስ ቀይ ትሁን ጥቁር አላውቅም። እኔ የሄድኩት ወይን የሚበቅልበት ገጠር ነው፤ ያደርኩት ገበሬ ቤት፣ የዋልኩት ዳገት ላይ። ይህን ስነግራቸው ከልባቸው ያዝኑልኛል። «ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረህ ዳገት? ዳገትማ ቋሪት ሞልቶ የለም እንዴ!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ዳገት ለዳገት ይለያያል፤ እናንተም እዚያ ድረስ የምትሄዱ አይመስለኝምና ያየሁትን በየቀኑ ለይቼ ልንገራችሁ።

አስቀድሜ እንዴት እንደሄድኩ። እኔ የስፖርት መምህር ነኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቤቴ ደጃፍ ላይ ብስክሌት እጠግናለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ብቻቸውን በብስክሌት ከባሕር ዳር ተነስተው፣ መራዊን አልፈው፣ ቡሬን አልፈው፣ ማንኩሳ ሲደርሱ የኋላ ጎማቸው ቸርኬ ተጣመመ። ያንኑ ቀን ወባ አንቀጠቀጣቸው። የማንኩሳ ሰዎች ብስክሌቱንም ሰውዬውንም በአንድ ጋሪ ጭነው እኔ ዘንድ አመጡልኝ። ብስክሌቱን በግማሽ ቀን አዳንኩት፤ ሰውዬው ግን ዘጠኝ ቀን ፈጁብን። እኔ ጤና ጣቢያ እያመላለስኩ፣ ባለቤቴ አጥሚት እያጠጣች፣ በመጨረሻ ቀና አሉ። ሙሴ ሬኔ ይባላሉ፤ የወይን ገበሬ ናቸው። ሲሰናበቱን «አንድ ቀን የእኔን አገር አቀበቶች አብረን እንወጣለን» አሉኝ። እንዲህ ብሎ የሚሄድ እንግዳ መቼም ብዙ ነው። እሳቸው ግን በዚህ ዓመት ትኬት ላኩ።

ትምህርት ቤት ይህ ሲሰማ ጉድ ተባለ። ርዕሰ መምህሩ የፈቃድ ደብዳቤውን ሲፈርሙልኝ «የምትሄደው ለስፖርት ነው ለወይን?» ብለው ሳቁብኝ። «ለሁለቱም ነው» አልኳቸው።

አንድ ነገር ደግሞ። ከሙሴ ሬኔ ጋር የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው። የእኔም የእሳቸውም እንግሊዝኛ ስብርብር ያለ ስለሆነ እንደ ወንድማማች እንግባባለን። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። እኔ ግን በአፌ «ዩ» እያልኩ በሆዴ አንቱ ስላቸው ነው የሰነበትኩት፤ እዚህም እንደ ሆዴ እጽፋለሁ።

*ቅዳሜ*

ገና ሳይነጋ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ተሳፈርኩ። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ያልፋል። ባለቤቴ ዳቦ ቆሎ በላስቲክ ቋጥራ ሻንጣዬ ውስጥ ጨምራለች። «የፈረንጅ ምግብ ላይስማማህ ይችላል» አለችኝ። እኔ ደግሞ ተቆጣሁ፤ «እኔን ምግብ የማይስማማኝ መቼ ነው?» አልኳት። ደብረ ማርቆስ ላይ ቁርስ በላን። አባይ በረሃ ስንወርድ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ ድልድዩ ድረስ ጸለዩ። እኔ ግን በመስኮት ዳገቱን እያየሁ፣ ይህን በብስክሌት የሚወጣ ሰው ምን ዓይነት ጉልበት ይኑረው እያልኩ ነበር የማስበው።

*እሁድ*

ቀኑን አዲስ አበባ እህቴ ቤት ዋልኩ፤ ማታ ቦሌ። ስለ አውሮፕላኑ ብዙ አልልም። የተቀመጥኩት ክንፉ ላይ ስለነበር ከክንፍ ሌላ ምንም አላየሁም።

*ሰኞ*

ሊዮን የሚባል ከተማ ስደርስ የሙሴ ሬኔ ልጅ ክሌር መኪና ይዛ ጠበቀችኝ። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው፤ እንግሊዝኛዋ የተስተካከለ ነው። የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው፤ ወይኑን የምትሸጠውም እሷ ናት። ከከተማው ወጥተን ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል እንደነዳን ኮረብታው ሁሉ ከታች እስከ ላይ በቁጥቋጦ ተሸፍኖ አየሁ።

«ይሄ ሁሉ ጌሾ ነው እንዴ!» አልኩ በአማርኛ፣ ሳላስበው። ጌሾ ምን እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ፤ ለጠላ የምንጨምረው ቅጠል ነው ብዬ። ወይን ነበር። እኔ የማውቀው ወይን ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ የሚንጠለጠለውን ነው፤ እዚያ ግን እያንዳንዱ ግንድ ወገብ ድረስ ተቆርጦ፣ እንደ ተማሪ ተሰልፎ ቆሟል። አንድም የተዛነፈ የለም። የስፖርት መምህር ስለሆንኩ ሰልፍ ሲያምር ደስ ይለኛል።

አገሩ ቦዦሌ ይባላል። ሙሴ ሬኔ ደጃፍ ቆመው ጠበቁኝ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። እኛ ቤት ከተኙበት ጊዜ በላይ ከስተዋል፤ ግን ሲያቅፉኝ ጎድኔ እስኪንቋቋ አቀፉኝ። ቤታቸው የድንጋይ ነው። ከሥሩ ምድር ቤት አለው፤ ወርደን አሳዩኝ። የእኛ ቤት ጋን የሚባለው እዚያ ቢቀመጥ ብርጭቆ ነው የሚመስለው! በርሜሎቹ ከእኔ ቁመት ይበልጣሉ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ አንዲት እፍኝ ዘቢብ ዘፍዝፈን ስንጨምቅ የምንሳሳው ትዝ አለኝና ለሙሴ ሬኔ ነገርኳቸው። ቆም ብለው አሰቡበት። «እኛ እንኳ ያን ያህል አንጠነቀቅለትም» አሉ።

አሁን የመጀመሪያውን ጥፋቴን ልናገር። እራት ቀረበ። ክሌር ሥጋ ያለበትን ድስት ይዛ መጣችና «ይጨመርልህ?» አለችኝ። መቼም ሰው አስተዳደግ አለው፤ «በቃኝ» አልኳት። እኛ ዘንድ ይሄ ማለት ወሬ መጀመር ነው። ከዚያ «በሞቴ» ይባላል፣ «አይሆንም፣ ምን በላህና» ይባላል፣ ትግደረደራለህ፣ በሦስተኛው ትቀበላለህ። ክሌር ግን «እሺ» አለችና ድስቱን ወሰደችው። ወሰደችው ስላችሁ! ድስቱ ሲሄድ በዓይኔ ሸኘሁት። ሳህኔ ላይ ሁለት ጉርሻ የማትሞላ ነገር ነበረች፤ በልቼ እጄን ሰበሰብኩ። ክፍሌ ስገባ የባለቤቴን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ ስለዚያ ቁጣዬ በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ከእራት በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ይህን በዓይኔ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር። ሙሴ ሬኔ ብስክሌቶቹን ሊያዘጋጁ ወጡ። እኔ ሳህን ላጥብ ብል ክሌር በሩን ዘጋችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አባቴ አልነገረህም አይደል? ባለፈው ክረምት ልቡ ታሞ ነበር። የደም ሥሩ ውስጥ ትንሽ ቱቦ አስገብተውለታል። ሐኪሙ በብስክሌት አቀበት እንዳይወጣ ከልክሎታል። በሜዳ ይሂድ፣ በእግሩ ይሂድ፣ አቀበት ግን አይሆንም። እሱ ግን አንተን የጠራህ አቀበቶቹን ሊወጣ ነው። እኔን አይሰማኝም፤ አንተ እንግዳው ነህ፤ እምቢ በለው።»

የአባቴን እኩያ፣ ያውም በቤታቸው እየበላሁ፣ በላኩልኝ ትኬት መጥቼ፣ «አይሄዱም» ልበላቸው? እኔ ቄስ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ለታላቅ ሰው «እምቢ» የሚባል ቃል ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም። ክሌርን ደግሞ አየኋት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እሞክራለሁ» አልኳት።

*ማክሰኞ*

«ኮል» የሚሉት እኛ በር የምንለውን ነው፤ ተራራው ዝቅ ብሎ መንገድ የሚያሳልፍበትን። እያንዳንዱ ኮል ላይ ስሙና ከፍታው የተጻፈበት ሰሌዳ ተተክሏል። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁሉ እየሄደ ሰሌዳውን ይነካል።

ለእኔ የተሰጠኝ ብስክሌት ባለ ብዙ ማርሽ ነው፤ በአንድ ጣት ይነሳል። ሙሴ ሬኔ እንግዳ ይቅደም ብለው ከፊት አስቀደሙኝ። ታላቅ ሰው ከኋላ አስከትሎ መሄድ ነውር ነው፤ ግን ታዘዝኩ። ወይኑን በግራ በቀኝ እያየን፣ ወደ ላይ እየወጣን፣ አንዲት መንደር ስንገባ መንገዱ ዳር ቤተ ክርስቲያን አየሁ። ፍሬን ይዤ ወረድኩ።

ምን ላድርግ? እኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ይወርዳል፤ ተሳልሞ፣ ጥቂት በእግሩ ሄዶ ነው ተመልሶ የሚቀመጠው። አባቴ ይህን በብስክሌትም አስለምደውኛል። እግሬ ከእኔ ሳያማክር ነው የሚወርደው። ሙሴ ሬኔ ግን ይህን አላወቁም፤ መጥተው በጀርባዬ ገቡብኝ። እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል፣ ሁለታችንም የወይኑ ቦይ ውስጥ ገባን።

«የእመቤቴ ያለህ! ተጎዱ?» ብዬ ዘልዬ አነሳኋቸው። ጉልበታቸው ተጭሯል። ምክንያቱን ስነግራቸው ቦዩ ውስጥ ቁጭ እንዳሉ ሳቁ። «ድሮ የእኛ ሰዎች ኮፍያ ያነሱ ነበር። ከብስክሌት የወረደ ግን አላየሁም። በል ጸልይ፤ እኔ እጠብቅሃለሁ» አሉ።

አማትቤ «አባታችን ሆይ» ጀመርኩ። በጎን ሳያቸው ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ጸሎቱን ስጨርስ ትንሽ ተረጋግተዋል፤ ገና ነው ግን። ስለዚህ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል»ን ጨመርኩ። እሱ ሲያልቅ ፊታቸው ቀላ፤ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ያን ጊዜ ነው ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ያለው። እምቢ ማለት አልችልም፤ መውረድ ግን እችላለሁ!

ከዚያ ወዲያ እሳቸውን አስቀደምኩ፤ በየመንደሩ «ቤተ ክርስቲያን!» ብዬ ከኋላ እጮኻለሁ፤ እሳቸው ይቆማሉ፤ እኔ እጸልያለሁ። አገሩ ቤተ ክርስቲያን የሞላበት ነው፤ በየኮረብታው አንድ አለ። አብዛኛው ዝግ ነው፤ ቄሱ ለአሥር ደብር አንድ ነው አሉኝ። እኛ ዘንድ ቢሆን ለአንድ ደብር አሥር ቄስ ነው። ይህን ስነግራቸው «ጥቂቶቹን ላክልን» አሉ።

የመጀመሪያው ኮል ላይ ስንደርስ ሰሌዳውን አነበብኩ፤ ስድስት መቶ ምናምን ሜትር። ደግሜ አነበብኩት። ፍኖተ ሰላም ሁለት ሺህ ሜትር ልትሞላ ጥቂት ነው የሚቀራት፤ ቡሬማ አልፋዋለች!

«ሙሴ ሬኔ፣ ይቅር በሉኝና፣ የእኔ አልጋ ከዚህ ተራራ በላይ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ያስለከልክሃል?»

«ሙቀቱ ነው» አልኩ። ሙቀቱ አልነበረም፤ ጸሎቱን በአንድ ትንፋሽ ስለደረደርኩት ነው።

ማታ ክሌር ድስቱን ስታመጣ ስለ ይሉኝታ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ባቀረበች ቁጥር ጣቷን እየቆጠረች ሦስት ጊዜ ትጠይቀኝ ነበር፤ በሦስተኛው ሳልመልስላት ትጨምርልኛለች። ሳህን ስናነሳ «ዛሬስ?» አለችኝ በዓይኗ። «ቀስ እያልን ነው የሄድነው» አልኳት። ውሸት አይደለም፤ የጠየቀችኝም እሱን አልነበረም።

*ረቡዕ*

በዚህ ቀን ቤት አንመለስም፤ ማታ ተራራው ሥር እናድርና ሐሙስ ትልቁን ኮል እንወጣለን ተባለ። ክሌር ስትሸኘን አባቷን ስማ፣ እኔን ክንዴን ጨብጣ ለቀቀችኝ።

ጠዋት ብስክሌቱን ከታች አስረን አንድ ኮረብታ በእግራችን ወጣን። ጫፉ ላይ ትንሽ የጸሎት ቤት አለች። ከዚያ ሆነው ሲያዩት ወይኑ ሁሉ የእርሻ ካርታ ነው። ሙሴ ሬኔ በጣታቸው እያሳዩ ይህ የእገሌ ነው፣ ያ የእገሌ ነው ይላሉ። ከሥራችን ያለውን አንድ ማሳ አያታቸው ናቸው የተከሉት። እኛ ዘንድ ገበሬ የአያቱን ማሳ ያርሳል፤ አያቱ የዘሩትን ግን ማን ያጭዳል? እሳቸው በየዓመቱ ይለቅማሉ። ግንዱን ዳሰስኩት፤ እንደ ሽማግሌ ጉልበት ተቋጥሯል። ያን ጠዋት በእግር ሲወጡ ትንፋሽ አላጠራቸውም፤ ልብ ብዬ አይቻለሁ። እሳቸው ግን «በእግር መውጣት የቱሪስት ነው» አሉ፤ ቸኩለው ወደ ብስክሌቱ ወረዱ።

ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን እየሳሳ ሄደ። ጭንቅ ያዘኝ። ደግነቱ በየማሳው ጥግ፣ በየመንታ መንገዱ የድንጋይ መስቀል አቁመዋል። ለመስቀል ከበቅሎ የሚወርድ ሰው አገሬ ላይ አላየሁም፤ እውነቱን ልናገር፣ ይሄ የራሴ ፈጠራ ነው። በየመስቀሉ ወረድኩ። በሰባተኛው ላይ ሙሴ ሬኔ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ፍኖተ ሰላም ላይ ሥራ መቼ ትገባላችሁ?» አሉ።

ያደርንበት ቤት የአንዲት ፍየል አርቢ ሴት ነው፤ ማዳም ኦዴት ይባላሉ። የፍየል አይብ፣ እንቁላል፣ ቅቤ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩልን። ረቡዕ ነው፤ ጾም። ሆዴ ጮኸ። ሙሴ ሬኔ ሲያስረዷቸው ማዳም ኦዴት አይቡን እያዩ፣ እኔን እያዩ፣ በጣም አዘኑ፤ የታመምኩ ነው የመሰላቸው። ምንም ሳይናገሩ ወጡ። ግማሽ ሰዓት ቆይተው ምስር ቀቅለው፣ ከጓሮ ሽንኩርት ቀንጥሰው ከትፈው፣ ዘይት አፍስሰውበት አመጡልኝ። በርበሬ ብቻ ነው የጎደለው። «በቃኝ» ሳልል ሦስት ጊዜ ተጨመረልኝ። ይባረኩልኝ ብዬ እጃቸውን ልስም ብል ደንግጠው ሳቁ።

*ሐሙስ*

ጠዋት መንገዱ ጫካ ገባ። ዛፉ የእኛን ጽድ ይመስላል፤ ግን ጥቅጥቅ ያለ፣ ሥሩ የጨለመ። ቤት የለም፣ ወይን የለም፣ ቤተ ክርስቲያን የለም። መስቀልም የለም። ሙሴ ሬኔ ከፊት ናቸው፤ ጀርባቸው ይወዛወዛል። አንድ ጠመዝማዛ አለፍን፣ ሁለት አለፍን። ትንፋሻቸው እኔ ድረስ ይሰማል፤ ያፏጫል። በየጠመዝማዛው አንድ መስቀል ስጠኝ እያልኩ ፈጣሪን እለምናለሁ። አልሰጠኝም።

«ሙሴ ሬኔ! ካቴናዬ ወለቀ!» ብዬ ቆምኩ።

ተመልሰው መጡ። ጎንበስ አሉና ካቴናውን አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩ። ፊታቸው አመድ ነው የሚመስለው።

«የእኔን ቸርኬ በግማሽ ቀን ያቃና ሰው ስለ ካቴና አይዋሽ» አሉ። «ክሌር ነግራሃለች» አሉ ቀጥለው።

ካቴናውን እንደማስተካከል ነካካሁት።

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ የጸለይከው ለእኔ ልብ ነው?»

«ግማሹ ለእግዚአብሔር ነው» አልኩ።

አልሳቁም። ተቆጡ፤ እንዲያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «እንግዳ አድርጌ ነው የጠራሁህ። አስታማሚ አላልኩህም!» ብለው ወጡና ተቀመጡ፤ ፔዳሉን ረገጡት።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እንግዲህ ምን ቀረኝ? አክብሬያቸው ዝም ልበል፣ ከኋላ ሆኜ ሲወድቁ ልይ? ያን ጊዜ ሰኞ ማታ እንባ አቅርሮ ያየሁት የክሌር ፊት መጣብኝ። ብስክሌቴን ጥዬ በእግሬ ሮጥኩ። ይቺን እንኳ እችላለሁ፤ የስፖርት መምህር ነኝ። ደረስኩባቸውና ከፊታቸው ቆሜ የብስክሌቱን መሪ በሁለት እጄ ያዝኩት። የታላቅ ሰው ልጓም ያዝኩ ማለት ነው። አባቴ ቢያዩኝ ምን ይሉ ነበር።

«አይሄዱም!» አልኳቸው። ጮኼ ነው የተናገርኩት። «ዘጠኝ ቀን አስታምሜዎታለሁ። ያኔ እጄ ላይ ቢሞቱ ኖሮ አልቅሼ እቀብርዎት ነበር፤ የማን አባት እንደሆኑ አላውቅማ! አሁን አውቃለሁ። ልጅዎን አውቃታለሁ፤ ከእጇ በልቻለሁ። ሬሳ ይዤ ምን ብዬ ነው ደጇ የምደርሰው? እፈራለሁ፣ ሙሴ ሬኔ። በጣም ነው የምፈራው።»

ግማሹን በአማርኛ ነው የተናገርኩት፤ የቱ በየቱ እንደሆነ እኔም አላውቅም። እሳቸው ግን ገባቸው። አንድ እግራቸው ፔዳሉ ላይ እንዳለ ፍሬኑን ያዙ።

«ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ነው ይህን የምወጣው» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ጊዜም ወርጄ ገፍቼ አላውቅም። አንድ ጊዜም። ከወረድኩ አለቀ ማለት ነው፤ ገባህ?»

«ገብቶኛል።»

«አልገባህም። አንተ ለቤተ ክርስቲያን ትወርዳለህ። እኔ ለምን ልውረድ?»

መሪውን ግን አልለቀቅሁም። ከታች አንድ ቦታ ውኃ ይሰማል። በመጨረሻ ቀኝ እግራቸውን አዙረው፣ አንድ ነገር እንደሚያስቀምጥ ሰው ተጠንቅቀው፣ መሬት ረገጡ።

ተመልሼ ብስክሌቴን አመጣሁ፤ እየገፋን ወጣን። መጀመሪያ አላናገሩኝም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን መንገዱ ዳር አንድ ነገር አይቼ ጮኽኩ፤ እንጆሪ ነው! የእኛው እንጆሪ፤ እሾሁ፣ ቅጠሉ፣ ፍሬው። ቡሬ ዳር በልጅነቴ ስለቅም እጄን የቧጨረኝ። «እሱ እዚህ አለ እንዴ?» አሉ ሙሴ ሬኔ ቆም ብለው። ሃምሳ ምናምን ዓመት በዚህ መንገድ ሲያልፉ አላዩትም። ብስክሌቶቹን አጋድመን ለቀምን። ጺማቸው በእንጆሪ ቀላ። ፊታቸውም ወደ ቀለሙ ተመለሰ።

ኮሉ ላይ ስንደርስ ሰሌዳውን ሳይነኩ አለፉት። ልቤ ተነካ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ ለቁልቁለት ልብ አያስፈልግም ብለው ተቀመጡ። እኔ ፍሬኔ እስኪሸት ይዤ ስወርድ እሳቸው ከዓይኔ ተሰወሩ። ታች ስደርስ አንድ ድልድይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያወዛውዛሉ። «ሁለት ሺህ ሜትር ላይ የሚተኛ ሰው ቁልቁለት ይፈራል?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው እንደታረቅን ያወቅሁት።

ማታ ቤት ስንደርስ ክሌር በሩ ላይ ነበረች። አባቷን አላየችም፤ ፊቴን ነው ያየችው። መንገድ ላይ ሳስብበት ነበር። ወረዱ ብዬ ብነግራት ታላቅ ሰው ልጃቸው ፊት ተሸነፉ ማለት ነው፤ እሳቸው ሃምሳ ምናምን ዓመት የጠበቁትን እኔ በአንድ ቃል ላውጣው? ዝም ልል ወስኛለሁ። እራት ቀረበ፤ ሦስት ጊዜ ተጠየቅሁ፤ ማንም ግን አልበላም።

ሙሴ ሬኔ ቢላቸውን አስቀመጡ። በፈረንሳይኛ ጀመሩ፤ አንድም ቃል አልገባኝም። እጃቸውን ግን አየሁ። በሁለት እጃቸው መሪ ያዙ፤ ከዚያ መሪውን ለቀቁ። ሁለት ጣታቸውን ገበታው ላይ አቁመው ማራመድ ጀመሩ። ቀስ በቀስ ወደ ዳቦው ሄዱ፣ ዳቦውን ወጡ፣ ጫፉ ላይ ቆሙ።

ክሌር ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው? ወርዶ ገፋ?»

«እውነት ነው» አልኳት። «ከኋላቸው ነበርኩ።»

«አባቴ ወርዶ አያውቅም» አለች። ድምጿ ተቆረጠ። «እናቴ ከመሞቷ በፊት የታመመች ጊዜ ‹አንድ ቀን ከዚያ ነገር ወርደህ አብረኸኝ ሂድ› ትለው ነበር። እሷ በእግሯ ነበር የምትወጣው። እሺ እያለ፣ እሺ እያለ...» አልጨረሰችውም። ሙሴ ሬኔ አንገታቸውን ደፉ። እንግሊዝኛዋ እሳቸውም ዘንድ ደርሷል።

ከዚያ ራሳቸውን ቀና አድርገው አንድ አጭር ነገር ጠየቋት። ክሌር ተነስታ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ስትመለስ የእናቷን የተራራ ጫማ ይዛለች፤ ጭቃው ደርቆበታል። ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን አስገባች።

«ልክሽ ነው?» አልኳት።

«ልኬ ነው» አለች።

ሙሴ ሬኔ ከወንበራቸው ተነሱ። ያንን የተጫረ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ እኔ አንቱ የምላቸው ሰው፣ ልጃቸው እግር ሥር ተንበረከኩ፤ የጫማውን ክር አንድ በአንድ እያጠበቁ አሰሩላት። እንባዬ መጣ፤ ምን ይደበቃል። አርብ ጠዋት ሦስት ሆነን በእግራችን ወጣን።